ውሃ ያልተከለከለ ጥርስ

እኔና ባለቤቴ አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ነገር ጥርስ ማጠብ ነው። ከእሱ አፍ ወጥቶ ብርጭቆ ውስጥ ያደረውን ሰው ሠራሽ ጥርስ ማለቴ ነው። በረንዳው ጫፍ ላይ፣ ሐይቁ በሁለት ቆርቆሮ ጣሪያ መካከል ትንሽ በሚታይበት በኩል፣ እሱ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ ጥርሱን በትንሽ ብሩሽ ይፈትጋል፤ እኔ ከጆግ ውሃ አፈስስለታለሁ። ቧንቧው እዚያው አጠገባችን ነው። እሱ ግን ከጆግ ሲፈስስ ይሻለኛል ይል ነበር። የኩላሊት ሕመምተኛ ስለነበረ በቀን የሚጠጣት ውሃ ተለክታ የምትሰጠው ናት። ስለዚህ ውሃ ሲፈስስ ማየት ለእሱ እንደ ቲያትር ነበር።

«እይው እስቲ ይሄን ጥጋበኛ» አለኝ ያን ዕለት ጠዋት፣ ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ። «እኔ ጉሮሮዬ ደርቆ ሳድር እሱ እስከ አንገቱ ተዘፍቆ ያድራል።»

«አንገት የለውም እኮ» አልሁት።

«ለዚያ ነዋ የተመቸው!»

የእሱ አንገት ላይ ደም የምታመላልስ ቱቦ ተተክላበት ነበር። ሁለታችንም ሳቅን። ጥርሱን አጥቦ ሲጨርስ አፉ ውስጥ አላደረገውም፤ መልሶ ብርጭቆው ውስጥ ጨመረው። «ቁርስ እስኪደርስ ይጠጣ። እኔ ትንሽ ጋደም ልበል» አለ። ከዚያ ወደ በሩ እየሄደ፣ ዞር ሳይል፣ «ውሃ ጨምሪለት እንጂ፣ አንቺ ወፍ» አለኝ።

ወፍ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ጆጉን እንደያዝሁ ደርቄ ቀረሁ። ለምን እንደደነገጥሁ ለማስረዳት ስለ አንድ የደም ምርመራ፣ ስለ አንድ ችሎትና ስለ አራት ጥርስ መናገር አለብኝ። የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ አንዳንድ ቀን አንድ አንቀጽ ጽፌ እነሣለሁ።

ባለቤቴ መሪጌታ ነበር፤ ዜማ ያስተምራል። እኔ አሁን ጡረታ ወጣሁ እንጂ የአማርኛ መምህርት ነበርሁ። «አንቺ ያስተማርሻቸው ዝም ብለው ይጽፋሉ፤ እኔ ያስተማርኋቸው ግን ከአንድ ሰፈር ማዶ ይሰማሉ» እያለ ይመጻደቅብኝ ነበር። ሰው ፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ ለመሪጌታ የሚገባ ነው። ቤት ስንገባ «አንተ» ይሆናል። ጫማውን በር ላይ ሲያወልቅ እርስዎነቱንም እዚያው ያወልቃል።

ኩላሊቱ ሥራ ካቆመ በኋላ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ሆስፒታል እየሄዱ ደም በማሽን ማሳጠብ ኑሯችን ሆነ። አንድ ጊዜ ከማሽኑ ጋር ከተያያዙ አራት ሰዓት ሙሉ ከአልጋ መነሣት የለም። ከእሱ ቀጥሎ ባለው አልጋ የሚተኙት ሐጂ ነበሩ፤ የወረታ ሩዝ ነጋዴ፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሽማግሌ። ሱቁን ለልጆቻቸው ትተው፣ ለሕክምናው ሲሉ ባሕር ዳር አንድ ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን ይኖራሉ። የሁለቱ ሰላምታ ስድብ ነበር።

«እንዴት አደሩ መሪጌታ? አሁንም አሉ?»

«አለሁ ሐጂ። እርስዎን ሳልሸኝ የት እሄዳለሁ?»

«እንግዲያው ብዙ ይጠብቁኛል። ገና ያልሸጥሁት ሩዝ አለ።»

የምናገረው ነገር በሆነበት ዓመት ባለቤቴ አንድ ነገር ብቻ ይፈልግ ነበር። በልጅነቱ ዜማ የተማረበት ደብር ሐይቁ ውስጥ ካሉት ደሴቶች በአንዱ ላይ ነው። የደብሩ ንግሥ በመጣ ቁጥር ማኅሌቱን የሚመራው እሱ ነበር። እጥበቱን ከጀመረ ወዲህ ግን አልሄደም፤ መቆም አልቻለማ። ከበረንዳው እስከ ግቢው በር ሲደርስ ላብ ያጠምቀዋል። መልኩ የሰም ሆኖ ነበር። በዚያ ዓመት ንግሡ እሑድ ላይ ይውላል፤ ቅዳሜ ታጥቦ፣ እሑድ አገልግሎ፣ ማክሰኞ ማሽኑ ላይ መመለስ ይችላል ማለት ነው። «እንዲህ ያለ ዓመት ደግሞ አይመጣልኝም» አለኝ። ቀልድ አልጨመረበትም። ስለዚህ ከልቡ እንደሆነ አወቅሁ።

ሐኪማችን ልጅ እግር ነው፤ ትዕግሥቱ ግን የአዛውንት ነው። አንድ ማክሰኞ የምርመራ ውጤት ይዞ መጣና በባለቤቴ አልጋ አጠገብ ቆመ።

«መሪጌታ፣ ደም እንዲሠራልዎ የምንሰጥዎ መርፌ አልሠራም። ለምን እንዳልሠራ ደግሞ አሁን አወቅን። በደምዎ ውስጥ የብግነት ምልክት በጣም ከፍ ብሏል።»

«ብግነት ምንድን ነው?»

«ሰውነት የሆነ ቦታ ላይ ቁስል ወይም ጀርም ሲያገኝ ይዋጋል። ሲዋጋ ጉበት አንድ ፕሮቲን ወደ ደም ይለቃል። እኛ የምንለካው እሱን ነው፤ ሲአርፒ እንለዋለን። ጭስ እንደማየት ነው። ጭሱ ይታየናል፤ እሳቱ ያለበትን ቦታ ግን አይነግረንም። እጥበት ላይ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ትንሽ ጭስ አያጣውም። የእርስዎ ግን በዛ።»

ሐጂ ከትራሳቸው ቀና አሉ። «የኔስ ስንት ነው ዶክተር?»

«የእርስዎ ደህና ነው ሐጂ።»

«ቁጥሩን ንገረኝ እንጂ!»

«ስምንት።»

«የመሪጌታስ?»

ሐኪሙ ባለቤቴን አየው። ባለቤቴ እንዲናገር በእጁ ፈቀደለት። «ዘጠና አንድ» አለ ሐኪሙ።

«እሰይ የተማረ ሰው!» አሉ ሐጂ። «ምን ይደረግ፣ እኛ ትምህርት ቤት አልገባን።»

ባለቤቴ አልሳቀም። ስለ ንግሡ ለሐኪሙ ነገረው፤ ጀልባውን፣ ደሴቱን፣ ማኅሌቱን። ሐኪሙ ሁሉንም ሰማና «ቁጥሩ ከወረደና ደምዎ ከጨመረ እኔ ራሴ ወደብ ድረስ እሸኝዎታለሁ። እንዲህ ሆነው ግን አልፈቅድም። እዚያ ቢወድቁ ማን ያነሣዎታል?» አለው።

ከዚያ እሳቱን ፍለጋ ተጀመረ። አንደኛ የተጠረጠረችው የአንገቱ ቱቦ ነበረች፤ ደም ተቀድቶ ጀርም ይብቀልበት እንደሆነ ተጠበቀ፤ ምንም አልበቀለም። ያም ሆኖ ቱቦዋ ተነቅላ ሌላ ተተከለች። ቁጥሩ ያው። ደረቱ ፎቶ ተነሣ፤ ንጹሕ ነው። ግራ እግሩ ላይ ድንጋይ መትቶት የነበረች ቁስል ነበረች፤ እሷም ጠግጋለች። ሐኪሙ ግራ ገባው። ንግሡ እየቀረበ ነው።

በአንድ ሐሙስ ባለቤቴ ከማሽኑ ጋር ተያይዞ ጣሪያ ጣሪያ ሲያይ ቆየና፣ ድንገት በዚያ በማኅሌት ድምፁ፣ «አውጫጭኝ ይቀመጥ!» አለ።

ይህን የማያውቅ አንባቢ ካለ ላስረዳው። በድሮ ጊዜ በእኛ አገር ቤት ሲቃጠል ወይም ከብት ሲሰረቅ ያካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ሁሉም ያየውንና የሰማውን ይናገራል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። አውጫጭኝ ማለት ይህ ነው። የእኛ ክፍል ደግሞ ለዚህ የተሠራ ይመስል ነበር፤ ማን ወዴት ይሄዳል? ሁሉም ታስሯል።

«ዳኛው ማን ነው?» አሉ ሐጂ።

«እኔ ነኛ። የተቃጠለው ቤት የኔ ነው።»

«ቤት የተቃጠለበት ሰው ዳኛ ይሆናል እንዴ?»

«ሌላ መሪጌታ ካለ ይቅረብ!»

ሌላ መሪጌታ አልነበረም። ችሎቱ ተከፈተ።

«አንገት ላይ ያለሽ ቱቦ፣ ተነሺ!» አለ ባለቤቴ። ነርሷ በዚያ ስታልፍ ነበርና ቆም አለች። «ለእሷ እኔ ዋስ ነኝ የኔታ። አዲስ ናት፤ በመጡ ቁጥር ዙሪያዋን የማጸዳው እኔ ነኝ» አለች።

«ዋሷን ተቀብለናል። ግራ እግር!»

«ግራ እግር አመለኛ ነው፤ በፊትም ቆስሎ ያውቃል» አሉ ሐጂ።

«ጠባሳ አይከሰስም። ይለፍ። ሳንባ!»

ባለቤቴ ራሱ ሁለት ጊዜ ሳል አለ። «ሳንባ ቃሉን ሰጥቷል፤ ድምፁም የንጹሕ ሰው ድምፅ ነው። ይለፍ። ቆዳ! ጆሮ! አንጀት!»

አንጀት ሲጠራ ሐጂ የመሰከሩትን እዚህ አልጽፈውም። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ አንዲት ማሽንም አብራ ጮኸች። በመጨረሻ ሐጂ ጣታቸውን አነሡ።

«ክቡር ዳኛ፣ ያልተጠራ አለ። አፍስ?»

ባለቤቴ ነጠላውን ወደ አገጩ ሳብ አደረገ። «አፍማ ዳኛው ነው። ዳኛ በገዛ ችሎቱ አይጠየቅም።»

ሰው ሁሉ እንደገና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ አቆምሁ።

ነጠላውን ወደ አገጩ ሲስብ ሳየው ሌላ ሌላው ነገር ሁሉ ተከታትሎ መጣብኝ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ሲናገር አፉን ይሸፍናል፤ ክብር መስሎኝ ነበር። እንጀራውን በግራ በኩል ብቻ ነው የሚያኝከው። ቆሎ ሲቀርብለት «ለአንቺ ይሁን» ይለኛል፤ ፍቅር መስሎኝ ነበር። የአፉ ጠረን ተለውጧል፤ እሱን የኩላሊት ነው ብዬ ትቼው ነበር።

ማታ ቤት እንደገባን «አፍህን ክፈት» አልሁት።

«ለምን?»

«ልየው።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን ስትሰሚው የኖርሽውን አፍ ዛሬ ማየት ምን ያደርግልሻል?»

«ጥርስህን ያምሃል።»

«አያመኝም። አንዳንዴ ይናገረኛል እንጂ።»

ቀስ በቀስ አወጣጣሁት። ከላይ የፊት ጥርሶቹ ድድ አብጦ መግል ይቋጥራል፤ በጨው ውሃ እየተጉመጠመጠ በምስጢር ይዞታል። የደበቀበት ምክንያት ደግሞ የእሱ ብቻ ነበር። እሱ ተማሪ ሳለ የዜማ መምህሩ የፊት ጥርሳቸው ወለቀ። ከዚያ በኋላ «ሰ» ባሉ ቁጥር እንደ ሰታቴ እንፋሎት ፍስስ ይላሉ፤ ተማሪዎቹ በመጻሕፍታቸው ፊታቸውን ሸፍነው ይስቃሉ። «ዋናው ሳቂ ማን ይመስልሻል?» አለኝ። «አሁን በዚያው ደብር፣ በዚያው ቦታ ላይ ቆሜ እኔ ፍስስ ልበል? የኔን ተማሪዎች ታውቂያቸዋለሽ። ሳቅ ሲይዛቸው መቋሚያ ይጥላሉ።»

«ጥርሱ ካልወጣ ቁጥሩ አይወርድም፤ ቁጥሩ ካልወረደ ንግሡ የለም» አልሁት።

«ጥርሱ ከወጣም ንግሡ የለም። ስለዚህ ጥርሱ ይቀመጥ። ለሐኪሙ ብትነግሪ ካንቺ ጋር ጸብ ነው።»

እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ለንግሡ ብሎ ያስቀመጠው ጥርስ ንግሡን እየበላበት እንደሆነ በቁጥር ተነግሮት እያወቀ፣ በሁለቱ መካከል ቁጭ ብሎ ተአምር ይጠብቃል።

ቅዳሜ አውጫጭኙ ቀጠለ። ማንም ጥፋተኛውን አላወጣም። ባለቤቴም ከልማዱ አንዲት እርምጃ እንዳይቀርበት ብሎ «እንግዲያው ወፍ ይቁም» አለ። ወፍ ማለት በአደባባይ መናገር ያልፈለገ፣ ያየውን ግን ለብቻው በሹክሹክታ ለሽማግሌ የሚናገር ሰው ነው። ወፏ ማን እንደሆነች አይገለጽም፤ ሕጉ ይህ ነው። ሰሚ ሆና ነርሷ ተመረጠች። ባለቤቴ በራሱ ተማምኖ ነው ያን ያደረገው፤ ምስጢሩን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፣ እኔ ደግሞ ጸብ ተብያለሁ።

ነርሷ በጨዋታው እየሳቀች ከአልጋ ወደ አልጋ ዞረች። አንዱ «ጥፋተኛው ማሽኑ ነው» አላት፤ ሌላው «መንግሥት ነው» አላት። እኔ ተራዬ ሲደርስ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብዬ «የላይኛው የፊት ጥርስ፣ ድዱ መግል ይዟል» አልኋት። ሳቋን አቆመች። ዓይኗን ብቻ ከፍ አድርጋ አየችኝና፣ ምንም እንዳልሰማች ሆና ቀጣዩ አልጋ ጋ ሄደች። ጎበዝ ልጅ።

ማክሰኞ ሐኪሙ ባትሪና የምላስ መጫኛ እንጨት ይዞ መጣ። «መሪጌታ፣ አፍዎን ይክፈቱ።»

ባለቤቴ መጀመሪያ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያው ላይ ያለውን አምፖል አየሁ። ቀጥሎ ወደ ጎረቤቱ ዞረ። «ሐጂ!»

«እኔ ምን አደረግሁ?» አሉ ሐጂ። ከዚያ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። አምፖል እንዲያ ተመስጦ የሚያይ ሰው አይተው አያውቁም መሰለኝ፤ ወዲያው ገባቸው። ትራሳቸውን አስተካክለው ተኙና «አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ። «ሲናገሩ ጠረኑ እዚህ ድረስ ይመጣል። ምን ያመጡብኛል? እርስዎም እኔም ታስረናል።»

ባለቤቴ አኮረፈ። ፊቱን ከሐጂ ለማዞር ሞከረ፤ ግን ቱቦዋ ወደዚያ በኩል አታዞርም። ስለዚህ አራት ሰዓት ሙሉ ፊት ለፊት እያያቸው አኮረፈ። ሐጂ በመሐል እጃቸውን ያወዛውዙለት ነበር።

ጥርሱ ረቡዕ ተነቀለ። በእጥበት ቀን ደም ማቅጠኛ ስለሚሰጥ በማግስቱ ይሁን ብለው ነው። አራት ጥርስ ወጣ፤ የአንደኛው ሥር ምስር የሚያህል የመግል ከረጢት አንጠልጥሎ መጣ። ጥርስ ሐኪሙ አሳየኝ። ለዚያች ነገር ስንል ቱቦ አስነቅለን፣ ፎቶ አስነሥተን፣ እግርና ሳንባ ስንከስስ ከርመናል። ሐጂ ሲሰሙ «ቤቱን ያቃጠለው ዳኛው ራሱ ነበር በሉኛ!» አሉና ዜናውን ለክፍሉ በሙሉ አዳረሱት።

መድኃኒቱን ወሰደ፤ ድዱ ደረቀ። ደሙ እንደገና ሲመረመር ቁጥሩ ወርዷል፤ በሚቀጥለውም ወረደ። መርፌውም መሥራት ጀመረ። ከንፈሩ ቀላ። አንድ ጠዋት ከግቢው በር እስከ ሱቁ ሄዶ ላብ ሳያወጣ ተመለሰና፣ የገዛውን ሳሙና እንደ ዋንጫ አነሣልኝ። በመጨረሻው ምርመራ ቁጥሩ ሰባት ሆነ። የሐጂ በዚያ ወር ዐሥራ አንድ ነበር።

«ምነው ሐጂ» አለ ባለቤቴ፣ ከዚያ ኩርፊያ በኋላ የመጀመሪያ ንግግሩ ነው፣ «ትምህርት ቤት ገቡ እንዴ?»

ሐኪሙ ፈቀደ። የቀረው ጥርስ ነበር። ሰው ሠራሹ ለንግሡ ጥቂት ቀን ሲቀረው ደረሰ፤ ነጭ፣ ድርድር ያለ፣ ከፊቱ በሃያ ዓመት የሚያንስ ጥርስ። ቤት ውስጥ ዜማ ሞከረበት። «ሰ» ሲል ቀጭን ፉጨት ይወጣል። አሁንም አለ፤ አሁንም ፉጨት። እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ትራስ ነክሼ ሳቅሁ። ስወጣ «ጨረስሽ?» አለኝ።

ቅዳሜ ታጥቦ ከሰዓት በኋላ በጀልባ ተሻገርን። ሐኪሙ ቃሉን አክብሮ ወደብ ድረስ መጥቶ፣ ምን ያህል ውሃ እንደሚጠጣ ሦስት ጊዜ አስጠነቀቀን። ባለቤቴ ጀልባው ላይ ግራ ቀኙን አየ፤ እስከ አድማስ ውሃ ነው። «የሚጠጣ ሰው ቢገኝ ኖሮ!» አለ።

ማኅሌቱ ላይ ባለቤቴን እኔ በሴቶቹ በኩል ሆኜ በመጋረጃው ጎን አየዋለሁ። ቆመ። ሲደክመው ሲያርፍ፣ ሲያርፍ ሲቆም፣ ነጋ። ከነጋ በኋላ ከበሮው ሲፋጠን፣ ተማሪዎቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ሲያሸበሽቡ፣ እሱ ድምፁን ከፍ አደረገ። የዚያን ጊዜ ጥርሱ ወጣ። አየሁት፤ ብልጭ ብሎ ከአፉ ወጥቶ አየር ላይ ነበር። ባለቤቴ ጸናጽሉን ሳይለቅ፣ በሌላው እጁ ነጠላውን እንደሚያስተካክል ሰው ሆኖ ቀለበውና ጉያው ውስጥ ከተተው። ከበሮው አልቆመም። እሱም አልቆመም። ቀጠለ፤ «ሰ» በመጣ ቁጥር ፍስስ፣ «ጸ» በመጣ ቁጥር ደግሞ ከዚያ የባሰ።

ተማሪዎቹ መቋሚያ እስኪጥሉ ጠበቅሁ። ማንም አልጣለም። ተራቸው ደርሶ ሲቀበሉት ግን ጆሮዬን አላመንሁም፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ በቦታ በቦታው፣ ፍስስ አሉ።

ዜማ ተማሪ እንዲህ ነው። የሚማረው ከመምህሩ አፍ ነው፤ መምህሩ ያስረዘመውን ያስረዝማል፣ የሰበረውን ይሰብራል፤ ከራሱ መጨመርም መቀነስም ድፍረት ነው። ለንግሥ ብሎ የደበቀውን አንድ ረቂቅ ስልት ያወጣላቸው መሰላቸው። አጠገቤ ያሉ ሴት «ምነው መሪጌታ ዓይናቸው እንባ ሞላ?» አሉኝ። «ተመስጠው ነው» አልኋቸው። እኔም ተመስጬ ነበር።

በመልሱ ጀልባ ላይ ከተማሪዎቹ ትልቁ ቀረብ አለና «የኔታ፣ ያችን ዛሬ ያወጧትን ስልት ላልመጡትም ያስተምሩልን» አለው።

«የቷን?»

«ያችን… ነፋስ ያለባትን።»

«ልጄ፣ እሷን የደረሳት ጥርስ ሐኪሙ ነው» አለ ባለቤቴ። እጁን ጉያው ውስጥ ከትቶ ጥርሱን አውጥቶ አሳየው። ተማሪው አየ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ «እሺ የኔታ» አለ። ስልቷን ግን አልተዋትም። አንዳቸውም አልተዉአትም።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ገደማ ኖረ። ሆስፒታል በሄድን ቁጥር «ወፉ እንዴት አደረ?» ይላቸዋል ሐጂን። «ወፉ ደህና ነው፤ ሌላ የበሰበሰ ነገር ካለ ለመናገር ዝግጁ ነው» ይላሉ እሳቸው። አንድ ቀን እሱ እንቅልፍ ሲወስደው ሐጂ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ስድቡ የእርስዎ ነበር፤ እኔ ግን ለምጄዋለሁ። እንዳይነግሩት። ይሄን ካጣ በምን ይሰድበኛል?» አሉኝ።

ያን ዕለት ጠዋት «አንቺ ወፍ» ሲለኝ ጆጉን ይዤ ደርቄ የቀረሁት ለዚህ ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቅ ልጠይቀው አሰብሁ፤ ቁርስ ላይ እጠይቀዋለሁ አልሁ። ቁርሱ ደረሰ። ልቀሰቅሰው ገባሁ። አልተነሣም።

ሐኪሙ ልቡ ነው አለኝ። እጥበት ላይ ያለ ሰው ልቡ ብዙ ጫና እንዳለበት፣ ያ ለረጅም ጊዜ ሲጨስ የቆየው ብግነትም የደም ሥርን እንደሚጎዳ አስረዳኝ። ድምፁ ሲቆራረጥ እኔ አጽናናሁት።

ሊገነዝ ሲል ጉንጩ ጎደጎደ፤ አንድ ሰው ጥርሱን አስታወሰ። ሁለት ካህናት በዚህ ተከራከሩ። አንደኛው በተፈጠረበት ይቀበር አሉ፤ ሁለተኛው ያገለገለበት ነውና አብሮ ይግባ አሉ። እኔ «ቁርስ እስኪደርስ ይጠጣ ብሏል» አልኋቸው። ሐዘኑ ራሴን የነካኝ መሰላቸውና ተዉኝ።

በአርባው ተማሪዎቹ መጡ። ቆመው ሲያዜሙ ያች «ሰ» መጣች፤ ሁሉም፣ ጥርሳቸው ሙሉ የሆነ ወጣቶች፣ ፍስስ አሉ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልሁና ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ ሳቅሁ። ሴቶቹ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያሉ አቀፉኝ። ትንሽ ቆይቶ እነሱ የመሰላቸው ለቅሶ እውነት ሆነ።

ከአርባው በኋላ በአንድ ማክሰኞ እግሬ ሆስፒታል ወሰደኝ። በባለቤቴ አልጋ ሌላ ሕመምተኛ ተኝቷል። ሐጂ ሲያዩኝ «ኑ፣ ኑ እባክዎ» አሉኝ። «ይሄ ሰውዬ ሰላምታ እንኳ አያውቅም። ‹እግዜር ይማርዎ› ነው የሚለኝ።»

አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የመጨረሻውን ጠዋት ነገርኋቸው፤ ጥርሱን፣ ጆጉን፣ «አንቺ ወፍ» ማለቱን።

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ እያወቀ ነው እኔን ሲሰድበኝ የኖረው?»

«ይመስለኛል።»

«አይ ሰውዬ!» አሉ። «አይ ሰውዬ!» ሳቁ፤ ሲስቁ ቱቦዋ ተጣጠፈችና ማሽኑ ጮኸ፤ ነርሷ እየሮጠች መጣች። ምን እንደሆነ ስትጠይቀን ሁለታችንም መናገር አቃተን። ስወጣ «ሐሙስስ?» አሉኝ።

አሁን ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ሆስፒታል እሄዳለሁ፤ ሐጂ አጠገብ እቀመጣለሁ። ከቤት ከመውጣቴ በፊት የብርጭቆውን ውሃ እቀይራለሁ።